ከወንጭፍ እስከ ትንሿ ጥይት፦ የሐይቅና የአምባሰል ሰብል ጠባቂዎች መሣሪያ በሳይንስ ዓይን

በጥቅምትና በኅዳር ወራት ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው፣ ሐይቅ ከተማን አልፎ ወደ ውጫሌ ሲያቀና፣ በማሽላው ማሳ መካከል ከእንጨት የተሠሩ ከፍ ከፍ ያሉ ማማዎችን ይመለከታል። በማማዎቹ ላይ አንዳንዴ ወንጭፍ የያዘ ሕፃን፣ አንዳንዴ ጅራፉን በትከሻው የጣለ ጎረምሳ፣ አንዳንዴም ጠመንጃውን ጭኑ ላይ ያጋደመ ጎልማሳ ተቀምጦ ይታያል። የሚጠብቁት ሰውን አይደለም። ጠላታቸው ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ከርከሮ፣ ጃርትና የወፍ መንጋ ነው። ማሽላው እሸት ከያዘበት ቀን አንሥቶ ታጭዶ እስከሚከመርበት ቀን ድረስ ማሳው ያለ ጠባቂ ከዋለ ወይም ካደረ የዓመት ልፋት በጥቂት ሰዓታት ሊጠፋ ስለሚችል፣ ጥበቃው ከማረስና ከማረም የማይተናነስ የእርሻ ሥራ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፋችን እነዚህን ጠባቂዎችና መሣሪያዎቻቸውን ልናስተዋውቃችሁ እንወዳለን። ነገሩ የፊዚክስም የሥነ ሕይወትም ጉዳይ ነው። ከድንጋይ ወንጭፍ አንሥቶ አነስተኛ ካሊበር እስካለው ጠመንጃ ያለው መንገድ ስለ ፍጥነትና ስለ ኤነርጂ ብዙ ያስተምረናል፤ የሚተኮስባቸው አራዊት አኗኗር ደግሞ ጥይት የት እንደሚረዳና የት ከንቱ እንደሚሆን ይነግረናል።

ፉከራ የሌለው አዳኝ

በአገራችን ልማድ አዳኝ ራሱን የሚያስተዋውቀው በፉከራ ነበር። አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የገደለ ሰው በድሮው ዘመን በሕዝብ ፊት ቆሞ ይፎክራል፣ ይሞገሳል፣ ይሸለማልም። ጃርት የገደለ ሰው ግን ምን ብሎ ይፎክራል? ለእርሱ የተዘጋጀ ሽልማትም ማዕረግም የለም። ስለዚህም የሰብል ጠባቂ ሲያወራ ከገደለው አውሬ ይልቅ ስለያዘው መሣሪያ ማውራት ይቀናዋል፤ ጠመንጃው ምን እንደሚባል፣ ከማን እንደወረሰው፣ ምን ያህል ርቀት አስተካክሎ እንደሚመታ። በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ጠመንጃ እንደ መሬትና እንደ በሬ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ንብረት በመሆኑ ይህ አያስደንቅም።

በሌላው ዓለም ግን የዚህ ዓይነቱ አዳኝ የራሱ ወግ አለው። በሰሜን አሜሪካ «ቫርሚንት» የሚለው ቃል ሰብልን፣ ግጦሽን ወይም የቤት እንስሳትን የሚጎዱ አነስተኛ አራዊትን ሁሉ ያጠቃልላል። ከእነዚህም መካከል ከአይጥ ወገን የሆኑትና መሬቱን በጉድጓድ የሚበሳሱት ውድቻክና ፕሬሪ ዶግ፣ እንዲሁም ኮዮቴ የተባለው የቀበሮ ዘመድ ይገኛሉ። እነዚህን የሚያድኑ ሰዎች ሲገናኙ ወሬያቸው ስለ ካሊበር ነው፤ ማለትም ስለ አፈሙዙ የውስጥ ስፋት። ብዙዎቹ ቀለሁን ራሳቸው በባሩድ ይሞላሉ፤ ባሩዱን በስሱ ሚዛን ይመዝናሉ፤ በዒላማው ወረቀት ላይ ባሉት ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ይለካሉ። ፍቅራቸው ከሥጋው ይልቅ ለልኬቱ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ በዚህ ረገድ እኛም የሳይንስ ሰዎች ጥቂት ዝምድና ሳይሰማን አይቀርም።

የእነዚህ ሰዎች ምርጫ ዘወትር ወደ ትንሿ ጥይት የሚያደላው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዚያው ከወሎ መነሣት ይቻላል።

ጥይት ለምን ቀጠነ?

ደቡብ ወሎ ለጠመንጃ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ከአምባሰል በስተምዕራብ በምትገኘው መቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ሲዋጋ ወታደሮቹ የያዙት በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ስናድርን ነበር። የስናድር አፈሙዝ 14.7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ጥይቱም 31 ግራም ያህል የሚመዝን የእርሳስ ድብልብል ነው። ከ21 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በዚያው በአምባሰል ምድር በውጫሌ ከኢጣሊያ ጋር ውል ተፈረመ። በአንቀጽ 17 ምክንያት ስሙ የሚነሣው ይህ ውል ሲዘጋጅ ከኢጣሊያ ወደ ምኒልክ እጅ ብዙ ሺህ ሬሚንግተን ጠመንጃ ገብቶ እንደነበር ይታወቃል። ከፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነው ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ ግራ መጣ፤ «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስያሜ በአማርኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። ምንሽርም ስሙን ያገኘው ከኦስትሪያዊው ማንሊከር ነው።

እስከዚህ ዘመን ድረስ ባሩድ ጥቁርና ጢሳም ስለነበር ጥይትን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መግፋት አይቻልም ነበር። ኃይል ለመጨመር ያለው መንገድ ጥይቱን ማወፈር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየል ከናይትሮሴሉሎስ የተሠራ ጢስ አልባ ባሩድ ባገኘ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። አዲሱ ባሩድ በዝግታና በጥራት እየነደደ ጥይቱን በአፈሙዙ ርዝመት ሁሉ ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ 8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ አወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ1891 ደግሞ ኢጣሊያ 6.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ካርካኖ ሠራች። ይኸው ካርካኖ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ በኢጣሊያ ወታደሮች ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ አገራችን ገብቷል።

አሁን ብዕርና ወረቀት እናንሣ። የአንድ ተንቀሳቃሽ አካል ኪኔቲክ ኤነርጂ የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ካሬ ብዜት ግማሽ ነው። የውጅግራ ጥይት 25 ግራም ሲሆን ከአፈሙዝ የሚወጣው በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ነው፤ ኤነርጂው ወደ 2,530 ጁል ይጠጋል። የካርካኖ ጥይት 10.5 ግራም ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ግን 700 ሜትር በሴኮንድ ስለሆነ ኤነርጂው 2,570 ጁል ይሆናል። ክብደቱ ከግማሽ በታች ወርዶ ሳለ ኤነርጂው አልቀነሰም። ፍጥነት በካሬ፣ መጠነ ቁስ ግን በነጠላ ስለሚገቡ ነው።

የተኳሹ ትከሻም ከዚህ ትርፍ አለው። ወደ ኋላ የሚመታው ግፊት የሚመጣው ከሞመንተም፣ ማለትም ከመጠነ ቁስና ከፍጥነት ነጠላ ብዜት ነው። ለውጅግራ 11.25፣ ለካርካኖ 7.35 ኪሎ ግራም ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። የቀደሙት አባቶች በውጅግራ ሰደፍ ትከሻቸው ይበልጥ የሚቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነበር።

ሦስተኛው ጥቅም፣ ምናልባትም ለሰብል ጠባቂ ዋነኛው፣ የጥይቱ መንገድ መቅናት ነው። ማንኛውም ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ እንደ ማንኛውም ድንጋይ ወደ መሬት ይወድቃል። በአየሩ ምክንያት የሚመጣውን መዘግየት ለጊዜው እንተወውና 200 ሜትር ርቆ አለት ላይ የተቀመጠ ዝንጀሮን እናስብ። የውጅግራ ጥይት እስኪደርስ 0.44 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜም 97 ሴንቲ ሜትር ይወድቃል። የካርካኖው 40 ሴንቲ ሜትር፣ በሴኮንድ 990 ሜትር የሚሄድ ባለ 5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይወድቃሉ። ርቀቱን በትክክል ለመገመት ለማይችል ተኳሽ ይህ ልዩነት ታላቅ ነገር ነው። በተጨማሪም በሐይቅ አካባቢ ምድሩ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአምስት አንድ ገደማ የሳሳ ነው፤ ጥይትም በዚያው መጠን የሚገጥመው መቋቋም ያንሳል። የፈረንጅ ካታሎግ ስለ ርቀት የሚሰጠው ቁጥር ለአምባሰል በቀጥታ አይሠራም ማለት ነው።

የሰሜን አሜሪካ አዳኞች ይህን ስሌት እስከ ጠርዙ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣችው «ስዊፍት» የተባለች ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት 3.1 ግራም ትመዝናለች፤ ፍጥነቷ በሴኮንድ 1,250 ሜትር ይደርሳል፤ ኤነርጂዋም ወደ 2,420 ጁል ነው። የመቅደላው ስናድር ባለ 31 ግራም ጥይት በ380 ሜትር በሴኮንድ ሲጓዝ የሚሸከመው ኤነርጂ 2,240 ጁል መሆኑን እናስታውስ። አሥር ጊዜ የቀለለችው በለጠች! እንዲህ ያለች ጥይት በአየር ላይ እንዳትገለባበጥ በአፈሙዙ ውስጥ የተቦረቦሩት ጠመዝማዛ ቦዮች እንደ እንዝርት ያሽከረክሯታል። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ጊዜ የሚያዞር አፈሙዝ በ990 ሜትር በሴኮንድ ለሚወጣ ጥይት በሴኮንድ ከ3,000 በላይ ዙር ይሰጠዋል።

የዚህ ታሪክ አንድ መራራ ገጽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 ለዒላማ ውድድርና ለውድቻክ አደን የተሠራ አንድ ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ጥቂት ቆይቶ ቀለሁ ረዘም ተደርጎ ለጦር ሠራዊት ዋለ። ዛሬ በብዙ አገሮች ወታደሮች እጅ የሚገኘው 5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት የዚያ ዝርያ ነው። ለጉድጓድ አውሬ የታሰበው ለሰው ሆነ።

ከድምፅ የሚቀድም ጅራፍ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ወደ ማማው እንመለስ። እጅግ የታወቀችው ትንሽ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣችው ሎንግ ራይፍል የምትባለው ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ናት፤ 2.6 ግራም ትመዝናለች፤ ከተለመዱት ዓይነቶቿ አንዱ በሴኮንድ 330 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ኤነርጂው 140 ጁል ነው። ርካሽ ናት፣ ትከሻ አትመታም፣ ድምፅዋም ዝቅተኛ ነው። ለውጭ አገሩ አዳኝ ይህ ዝምታ በረከት ነው፤ አንዱን ሲጥል ሌሎቹ አይሸሹበትምና። ለአምባሰሉ ጠባቂስ? ለእርሱ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። እርሱ የሚፈልገው አንድ ዝንጀሮ እንዲሞት ሳይሆን አርባው እንዲሸሽ ነው። ስለዚህ ለእርሱ ከጥይቱ ይልቅ የሚሠራው ጩኸቱ ነው።

ለጩኸት ደግሞ ባሩድ የግድ አያስፈልግም። ጅራፍ ሲጮኽ የምንሰማው ጫፉ ራሱን ወይም አንዳች ነገር ሲመታ የሚወጣ ድምፅ ይመስለናል፤ እንደዚያ ግን አይደለም። እጀታው ሲወናጨፍ በጅራፉ ላይ የሚፈጠረው እጥፋት ወደ ጫፉ ይጓዛል፤ ጅራፉ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ያው ኤነርጂ እያነሰ ለሚሄድ መጠነ ቁስ ይደርሰዋል፤ ስለዚህም ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄድና ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ ከ340 ሜትር ገደማ በላይ ይደርሳል። ጩኸቱ ከድምፅ ፈጥኖ የሚበር አውሮፕላን ከሚያሰማው ነጎድጓድ ጋር በዓይነቱ አንድ ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለው ተረት በፊዚክስ በኩልም እውነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፤ የሚጮኸው በእርግጥ ራሱ ነው። የሰው ልጅ ከድምፅ የሚቀድም መሣሪያ የሠራው በአውሮፕላን ዘመን ሳይሆን እረኞች ቆዳ መግመድ በጀመሩበት ዘመን ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወንጭፍም የሚናቅ አይደለም። 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ወንጭፍ በሴኮንድ አምስት ጊዜ የሚያሽከረክር ጠባቂ ድንጋዩን በ25 ሜትር በሴኮንድ ይለቀዋል። ድንጋዩ 60 ግራም ቢሆን 19 ጁል ያህል ይሸከማል፤ ከሎንግ ራይፍሏ ሰባት እጥፍ ያነሰ፣ ነገር ግን ቅጠሉን ሰንጥቆ ሲያልፍ የወፍ መንጋን ለማስነሣት የሚበቃ። ዋጋውም ምንም ነው።

በደንብ የሚማር ጠላት

ጩኸት ይሠራል ስንል ግን እስከ መቼ የሚል ጥያቄ ይከተላል። እንስሳት ጉዳት የማያስከትል ድምፅን ከጊዜ በኋላ ይለምዱታል። በመጀመሪያው ሳምንት ከቆርቆሮ ድምፅ የሚሸሽ መንጋ በሦስተኛው ሳምንት ቀና ብሎ ተመልክቶ መብላቱን ይቀጥላል። አሮጌ ልብስ የለበሰ ማስፈራሪያ ደግሞ ከዚህም ፈጥኖ ይናቃል። ዝንጀሮ በዚህ ረገድ ከሁሉ የላቀ ተማሪ ነው። ማሳ የሚጠብቁ ሰዎች በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንደታዘቡት፣ ዝንጀሮ ሴትንና ሕፃንን ከወንድ ያነሰ ይፈራል፤ ባዶ እጁን ያለውንና መሣሪያ የያዘውንም ይለያል። መንጋው ወደ ማሳ ሲወርድ ከፍ ካለ አለት ላይ ሆነው አካባቢውን የሚቃኙ አይጠፉም። ጠባቂው ምሳ ሲበላ እነርሱም ሰዓቱን ያውቁታል።

በመሆኑም የጠመንጃ እውነተኛ ጥቅም፣ ባለበት ቦታ፣ ጩኸትን ከአደጋ ጋር ማያያዙ ነው። ጩኸቱ ብቻውን ይለመዳል፤ ያለ ጩኸት የሚገድል ጥይት ደግሞ ለቀረው መንጋ ምንም አያስተምረውም። ጅራፍ፣ ወንጭፍ፣ ውሻና የሰው ድምፅ እየተቀያየሩ በተለያየ ቦታና ሰዓት ሲሠራባቸው ከአንድ ጠመንጃ የተሻለ ውጤት የሚሰጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚገርመው፣ አንድን ሰው ማማ ላይ ከማስቀመጥ የሚወዳደር ዘዴ እስካሁን አለመገኘቱ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ማማው ላይ የተቀመጠው ሕፃን ከሆነ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት አይደለም ማለት ነው።

ዝንጀሮ የበዛበት ምክንያትም ሊታሰብ ይገባዋል። ነብር የዝንጀሮ ዋነኛ ጠላት ነው። በምዕራብ አፍሪካ በጋና ጥብቅ ሥፍራዎች እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የተያዘው የቆጠራ መዝገብ እንደሚያሳየው፣ አንበሳና ነብር በጠፉባቸው ቦታዎች ዝንጀሮ በቁጥርም በተሠራጨበት ስፋትም ጨምሯል፤ ወደ ማሳም ቀርቧል። ነብርን የገደለ ሰው በፉከራ ይሞገስ ነበር፤ ሂሳቡን የከፈለው ግን ማማ ላይ የተቀመጠው ጎረቤቱ ነው።

ቀርፋፋውና ፈጣኑ ወላጅ

ጥይት የአንድን እንስሳ ቁጥር ይቀንስ እንደሆነ የሚወስነው የጥይቱ ካሊበር ሳይሆን የእንስሳው የመራባት ፍጥነት ነው። ሁለት ምሳሌዎች እንውሰድ።

ጭላዳ ዝንጀሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በስተቀር የትም አይገኝም። በደረቱ ላይ ባለው ቀይ ምልክት ይለያል፤ ምግቡም በአብዛኛው ሣር ነው። በሣር የሚኖር ከዚህ ሌላ የዝንጀሮ ወገን የለም። በገደል አፋፍ ያለ የገብስ ማሳ ውስጥ ገብቶ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ ቢኖርም ዋና መኖሪያው ግጦሽ ነው። እናቲቱ ስድስት ወር ያህል አርግዛ አንድ ልጅ ትወልዳለች፤ ቀጣዩን ለመውለድ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስድባታል።

በሌላው ወገን በማሳችን ውስጥ የሚኖረውን ባለ ብዙ ጡት አይጥ እንመልከት። ስሙን ያገኘው ሴቲቱ እስከ 24 ጡቶች ሊኖሯት ስለሚችል ነው። የእርግዝናዋ ጊዜ 23 ቀን ገደማ ሲሆን በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያ በላይ ትወልዳለች። ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ዓመት ቁጥሯ በወራት ውስጥ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የዝናቡ ወቅት አልፎ ሰብሉ ሲደርስ ጎተራውም ማሳውም የእርሷ ነው።

አሁን ተኳሹን በመካከላቸው አስቀምጡት። ጭላዳው ቀን ይወጣል፣ ትልቅ ነው፣ በገላጣ ሜዳ በመንጋ ይቀመጣል፤ ለጥይት ከዚህ የተመቸ ዒላማ የለም። አይጧ ሌሊት ትወጣለች፣ በጉድጓድ ትኖራለች፣ ማንም አይተኩስባትም። ጠመንጃ በባሕርይው ጥቂት የሚያጠፋውንና ቀርፋፋ ወላጅ የሆነውን ይመታል፤ ብዙ የሚያጠፋውንና ፈጣን ወላጅ የሆነውን ያልፈዋል። አይጧን የሚያድነው ጉጉት ነው፤ እርሱም በብዙ መንደሮች የመጥፎ ዕድል ምልክት ተብሎ በድንጋይ ይባረራል።

ጃርትም የአይጥ ትልቅ ዘመድ ነው፤ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ድንቹንና ስኳር ድንቹን ከሥሩ ይቆፍራል፣ በቆሎውን ከግርጌው ገዝግዞ ይጥላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን በጨለማ ስለሆነ ጠመንጃ የያዘው ሰው ከተኛው ሰው ብዙ አይለይም። እሾሃማ አጥርና ውሻ ይሻላሉ።

ግሪሳ ወፍን ደግሞ በጥይት መመከት የሚሞክር አይኖርም። አንዷ ወፍ 20 ግራም ያህል ብቻ ትመዝናለች፤ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል እህል ነው። መንጋው ግን አንድ ሚሊዮን ሲሆን የቀን ቀለቡ 10 ቶን፣ ማለትም 100 ኩንታል ይሆናል። በወሎ ቆላዎች ማሽላው ገና ወተት ሳለ የሚወርደው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ከአንበጣ በተጨማሪ የግሪሳን መንጋ በማደሪያው ላይ ከአውሮፕላን በሚረጭ ኬሚካል ሲዋጋ ቆይቷል። በገበሬው እጅ ያለው መከላከያ የዘር ምርጫ ነው። ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር የበዛባቸው ቀያይ የማሽላ ዝርያዎች እሸታቸው አፍ ስለሚያኮማትር ወፍ ብዙም አይወዳቸውም። ጎረቤታሞች ማሽላቸውን በአንድ ሰሞን ከዘሩ ደግሞ ጉዳቱ በሁሉም ማሳ ላይ ይበተናል፤ ቀድሞ የደረሰው የአንድ ሰው ማሳ ብቻውን የወፍ ድግስ አይሆንም።

የወደቀው እርሳስ

የውጭዎቹ አዳኞች ታሪክ ሌላም ነገር ያሳየናል። ፕሬሪ ዶግ በአሜሪካ ሜዳዎች ላይ በመርዝና በጥይት ሲጨፈጨፍ፣ በአብዛኛው እርሱን እየበላ በጉድጓዱ የሚኖረው ጥቁር እግር ፌሬት የተባለ ትንሽ አውሬ አብሮ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1981 በዋዮሚንግ ግዛት አንድ የገበሬ ውሻ የሞተ ፌሬት በአፉ ይዞ ቤት እስኪገባ ድረስ ዝርያው ፈጽሞ እንደጠፋ ይታመን ነበር። በኋላም የቀሩት 18 ብቻ ሆነው ተይዘው እንዲራቡ ተደረገ።

በእኛ በኩል ደግሞ አንድ የወሎ ባሕርይ የሆነ ነገር አለ። ከርከሮን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውም፤ ዝንጀሮንም እንዲሁ። ስለዚህ በማሳ ዳር የተገደለው አውሬ እዚያው ይቀራል፤ የሚበላው ጅብና ጥንብ አንሳ ነው። ፈጣን የሆነ የእርሳስ ጥይት በሥጋ ውስጥ ሲገባ በዓይን ወደማይታዩ ብናኞች ይሰባበራል፤ እርሳስ ደግሞ የነርቭና የደም መርዝ ነው። በአሜሪካ ኮንዶር የሚባለው ታላቅ አሞራ እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ 22 ዝቅ ካለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሲሆን፣ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ሙሉ በሙሉ ከልክሏል። በአገራችን ከሚገኙት ጥንብ አንሳዎች በርከት ያሉት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ናቸው። ለዚህ ዋናው ጠንቅ ለሌላ አውሬ የሚቀመጥ መርዝ ነው፤ እርሳሱ ግን በላዩ ይታከላል።

ዒላማውን የሳተ ጥይትም የሆነ ቦታ ይወርዳል። ትንሿ ሎንግ ራይፍል እንኳ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች፤ የክላሽ ጥይት ወደ ላይ ከተተኮሰ 2 ኪሎ ሜትርን ያልፋል። በሐይቅና በአምባሰል ከአንድ አፋፍ ማዶ ሁልጊዜ ሌላ መንደር፣ ሌላ ማማ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ደግሞ አንድ የተኩስ ድምፅ ዝንጀሮን ብቻ አያስደነግጥም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድን የግድ የሚያደርግ ሲሆን፣ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ አደንን በሕግ ሥር አስገብቷል። ጅራፍ ለመያዝ ፈቃድ አያስፈልግም።

ማማው ላይ የሚሠራ ሙከራ

ከሐይቅ፣ ከውጫሌ ወይም ከሌላ ገጠር የመጣችሁ ተማሪዎች በመኸር ወቅት ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ አንድ ደብተር ያዙ። በየቀኑ የመጣውን አውሬ ዓይነት፣ ሰዓቱን፣ ያባረራችሁበትን ዘዴና ተመልሶ እስኪመጣ የቆየበትን ደቂቃ መዝግቡ። በወሩ መጨረሻ የጅራፍን፣ የወንጭፍንና የውሻን አማካይ ደቂቃ ማወዳደር ይቻላል፤ የትኛው በሳምንታት ውስጥ እየደከመ እንደሄደም በግራፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁለተኛው ሙከራ የሰዓት መቁጠሪያ ብቻ ይጠይቃል። ማዶ ካለው ማማ ጓደኛችሁ ጅራፉን ሲያወናጭፍ እንቅስቃሴውን እዩና ድምፁ እስኪደርሳችሁ ሴኮንዱን ቁጠሩ። ሦስት ሴኮንድ ከሆነ በመካከላችሁ ከ1 ኪሎ ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ርቀት አለ። ርቀቱን በእርምጃ ለክታችሁ የምታውቁት ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው የድምፅን ፍጥነት ታገኛላችሁ። ነፋስ በሌለበት ጊዜ ሥሩት፤ ሙቀቱንም መዝግቡ፤ በማለዳው 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 337 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በቀትሩ 25 ዲግሪ ግን 346 ሜትር ይደርሳል።